የድምፅ ሰው በጣት ዘመን

በሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ ለማስተላለፍ የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ የሚማረው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ኳሱ የት እንዳለ፣ በማን እግር ሥር እንደሆነ፣ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደቀረ ሳይሰለቹ መናገር ነው። አድማጩ አያይም። ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘነ፣ የጭነት መኪና እየነዳ ወይም እርሻው ዳር አረፍ ብሎ ነው የሚሰማው፤ ሬዲዮውን አሁን የከፈተውም ሰው ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ሲከታተል ከቆየው እኩል ጨዋታው ውስጥ መግባት አለበት። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ሥራ ነው። አሁን በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም በጡረታ ስኖር ከምንም በላይ የሚያስጨንቀኝ፣ የሰው ድምፅ ከስፖርቱም ከዕለት ኑሯችንም እየተገፋ መውጣቱ ነው።

ከኳሱ ልጀምር። ብሔራዊ ቡድናችን በሚጫወትበት ቀን በምኖርበት ብሎክ አንድ ጎል ሦስት ጊዜ ይገባል። መጀመሪያ በር ላይ ያለው ጥበቃ ከሜዳው በቀጥታ የሚተላለፈውን በትንሿ ሬዲዮው ሰምቶ ይጮኻል። ቀጥሎ ዲሽ ያላቸው ቤቶች በጩኸት ይናጋሉ። በመጨረሻ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በስልካቸው የሚከታተሉት ወጣቶች፣ ጎሉ እንደገባ ከጎረቤት ጩኸት አስቀድመው ስላወቁት፣ ያለምንም መደነቅ ያዩታል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በሳተላይት የሚመጣው ሥርጭት ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ምስሉን በዲጂታል መንገድ ለመጭመቅና መልሶ ለመፍታት ደግሞ ተጨማሪ ሰከንዶች ይሄዳሉ። በኢንተርኔት የሚመጣው ግን ምስሉ በጥቂት ሰከንዶች ቁራጭ እየተከፋፈለና ቁራጮቹም እየተጠራቀሙ ስለሚታይ፣ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ኔትወርኩ ደከም ያለ ቀንማ ማን ይጠብቀዋል።

ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን አላየውም። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ አብዛኛው የሀገራችን ሰው ቴሌቪዥን አልነበረውም። ወሬውን የሰማው ሁሉ ግን በሬዲዮ አብሮ ሰማው፤ አብሮም ተነሣ። ጎንደር ያለው ጅማ ካለው አልቀደመም። የዛሬው ሰው ከእኛ የተሻለ ምስል አለው፤ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ትንፋሽ መጮኽን ግን አጥቷል። ትልቁ ደስታ ደግሞ እዚያ ላይ ነበር።

ጎል የሚለውን ቃል ራሱ በሙሉ ልብ የምንናገርበት ጊዜ አልፏል። በ2010 ዓ.ም. በሩሲያ የዓለም ዋንጫ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ሲውል፣ ፈረንሳይና ክሮኤሺያ በተገናኙበት የፍጻሜ ጨዋታ አርጀንቲናዊው ዳኛ ኔስቶር ፒታና ወደ ሜዳው ዳር ሄዶ ስክሪኑን ሲመለከት፣ ተመልሶ ሲያመነታ፣ በመጨረሻም በፔሪሲች የእጅ ንክኪ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ሁላችንም አይተናል። ግሪዝማን አገባው፤ ፈረንሳይም መራች። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር የእኔ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዬ በዚያ መሀል የሚሆነው ነገር ነው። ኮሜንታተሩ የሚናገረው ያጣል፤ ተመልካቹ ደስታውን በጉሮሮው ይዞ ይጠብቃል፤ ጎሉ ሲጸድቅም የሚወጣው ጩኸት የመጀመሪያው ጩኸት አይደለም። በአዲስ አበባ ስታዲየም በሠራሁባቸው ዓመታት ዓይኔ ማስታወሻዬ ላይ እያለ እንኳ የሆነውን በጆሮዬ አውቀው ነበር፤ ከስታዲየሙ የተመልካች መቀመጫዎች ካታንጋ ሲያጉረመርም ኳሱ ተበላሽቷል፣ ሚስማር ተራ በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል አጥቂው ከተከላካዩ አልፏል፣ ጥላ ፎቅ ዝም ሲል ደግሞ ዳኛው ባንዲራውን እያየ ነው። ያን ጆሮ ለወጣቶቹ ማውረስ እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ግን ሕዝቡ ራሱ ስክሪኑ እስኪፈቅድለት ድረስ ስለሚጠብቅ የሚወርሱት ድምፅ እያነሰ ነው።

ማሽን በደፈናው አልጠላም። በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በ1993 ዓ.ም. መስከረም፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትርን ጎን ለጎን ሲጨርሱ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የሰከንድ 9 መቶኛ ብቻ ነበር፤ ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29። ያን ልዩነት ቆርጦ በሰዓት ያረጋገጠው መሣሪያ ነው፤ ይመስገን። መሣሪያው ግን ሥራውን የጀመረው ሁለቱ ሰዎች ያላቸውን ሁሉ ሰጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. መስከረም በቫሌንሲያ የሆነው ከዚህ ይለያል። ከመሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተተከሉ መብራቶች ለክብረ ወሰን በሚያስፈልገው ፍጥነት ልክ እየበሩ ሯጮቹን ይመሩ ነበር። ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትርን በ14:06.62 ጨርሳ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየውን የጥሩነሽ ዲባባን ክብረ ወሰን አሻሻለች። በዚያው ምሽት ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ 26:11.00 በመግባት ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ ያስመዘገበውን 26:17.53 ሻረ። የለተሰንበት እግር የለተሰንበት ነው፤ ማንም መብራት አልሮጠላትም፤ ድሏንም አልቀንስም። ለእኛ ለተራኪዎቹ ግን መብራቱ ከእጃችን የወሰደው ነገር አለ። ስምንተኛውን ዙር ስንቆጥር፣ የዙሩን ሰዓት ከቀደመው ጋር ስናስተያይ፣ «ዘግይታለች፣ አሁን መጨመር አለባት፣ ትችላለች?» እያልን አድማጩን የምናስጨንቀው ጥያቄ ነበረን። አሁን ሁሉም ሰው መብራቱን አይቶ መልሱን ያውቀዋል።



ኑሮው ላይ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። የጡረታ ገንዘቤ የሚገባበት ባንክ ቀድሞ ስሜን ጠርቶ የሚያስተናግድ ሰው ነበረው። አሁን ሂሳቤን በስልኬ እንድመለከት ተነግሮኛል፤ ስልኩ ደግሞ ኮድ ይልካል፤ ኮዱ ኔትወርክ ሲኖር ይመጣል፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ዕድሜው አልቆ ነው የሚመጣው። ወደ ቅርንጫፉ ስሄድ በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ በትሕትና «አባባ፣ ሲስተም የለም» ትለኛለች። ልጅቷን አልወቅስም፤ እርሷም እንደ እኔ ማሽኑ እስኪፈቅድላት የምትጠብቅ ናት። ወደ ደንበኞች አገልግሎት ስደውል የሚመልስልኝ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ለአማርኛ አንድን ይጫኑ፣ ለሂሳብ ጥያቄ ሦስትን ይጫኑ እያለ ይቀጥላል፤ ሰው ለማነጋገር የሚጫኑትን ቁጥር ግን ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚናገረው። በሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማንነቴን ለማረጋገጥ የጣት አሻራዬን ጠየቁ። ሰው ሲያረጅ የጣቱ ቆዳ ይደርቃል፤ መስመሮቹም እየጠፉ ይሄዳሉ፤ በእርሻና በግንባታ የኖሩ አዛውንቶች ላይማ የባሰ ነው። መስታወቱ ላይ ጣቴን ደጋግሜ ባስቀምጥም ቀዩ መብራት አልጠፋ አለ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት አንድ አባት ድምፄን ሰምተው «እኚህን ሰው በሬዲዮ አውቃቸዋለሁ» ብለው ለሠራተኛው ነገሩት። ሠራተኛው በአክብሮት ፈገግ አለ፤ በማሽኑ ውስጥ ግን ምስክርነታቸው የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

የታክሲውን ነገር እንደ ጥሩ ማስረጃ አየዋለሁ። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ካርታ በኮንዶሚኒየሞቻችን መካከል ያሉትን የኮብልስቶን መንገዶች በቅጡ አይለያቸውም፤ መኖሪያዬንም ከአዳማው የፍጥነት መንገድ ማዶ ያደርገዋል። ባለፈው ሰሞን ወደ ሐኪም ለመሄድ የጠራሁት ሾፌር ጠፍቶበት ደወለልኝ። «አባት፣ የት ጋ ነዎት? ካርታው ሜዳ ላይ አምጥቶኛል» አለኝ። ስልኩን ጆሮህ ላይ ያዝና ካርታውን ተወው አልኩት፤ በመስኮት እያየሁ መራሁት። አሁን ወፍጮ ቤቱን አልፈሃል፤ በስተቀኝህ ጎሚስታው አለ፤ ጎማ የደረደረበትን ታያለህ፤ እሱን እንዳለፍክ ወደ ግራ ታጠፍ፤ ሴቶች ጄሪካን የደረደሩበት ቧንቧ ጋ ስትደርስ ቀስ በል፤ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነው፤ ኳሱ ወደ አንተ እየመጣ ነው፤ ይለፍ፤ አሁን ቀጥ ብለህ ና። በሩ ላይ ሲቆም ወጣቱ ሳቀ፤ «እርስዎ ኳስ ያስተላልፉ ነበር እንዴ?» አለኝ። አዎን አልኩት፤ እስከ ሐኪም ቤቱም ድረስ ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስና ስለ ቡና ጨዋታዎች ሲጠይቀኝ ሄድን። የተናጋሪ ሰው ጥቅም ይኸው ነው፤ ያንተን ቦታ ያውቃል፤ የሚሰማው ሰው የት እንደቆመም ይጠይቃል።

የዛሬዎቹ ወጣት ኮሜንታተሮች ትጉ ናቸው፤ ከእኛ የበለጠ ያነባሉ፤ የተጫዋቹን የትውልድ ቦታ፣ የዝውውር ዋጋና የኳስ ቁጥጥር መቶኛ በቃላቸው ያውቃሉ። አብዛኛውን ጨዋታ የሚያስተላልፉት ግን ስቱዲዮ ውስጥ ሆነው ከስክሪን ነው፤ ካሜራው የማያሳየውን አያዩም፤ ተመልካቹም እነሱ የሚያዩትን ስለሚያይ መግለጽ ትተው መተንተን ይዘዋል። ይህ የሚጎዳውን ሰው አውቀዋለሁ። ከታች ወለል ላይ የሚኖሩ ዓይናቸው የጠፋ ጎረቤት አሉኝ፤ የዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ ጋሼ እያልን እንጠራራለን። ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ሲያዳምጡ፣ ኮሜንታተሩ ስለ አሰልጣኙ ያለፈ ዓመት ውጤት በሰፊው ሲናገር፣ ወደ እኔ ዞረው «ጋሼ፣ ኳሱ አሁን የት ነው?» ይሉኛል። ድምፁን ዝቅ አድርገን እኔ አስተላልፍላቸዋለሁ። በግራ መስመር፣ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከፊቱ፣ አሻገረ። ልጆቹም ከስልካቸው ቀና ብለው ይሰማሉ። ለቴሌቪዥን ሰዎች የምለው ቢኖር አንድ ነው፤ በየአምስቱ ደቂቃ ውጤቱንና የኳሱን ቦታ ብትናገሩ ከትንተናችሁ የሚጎድል ነገር የለም፤ ማየት የማይችለው ሰው ግን ጨዋታውን ያገኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የቆየው ድምፅ አያያዝ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትርን አሸንፋ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የክብር ዙር ሲሮጡ የሚያሳየው ምስል በየስልኩ ይዞራል። ምስሉን ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ከሥሩ የሚሰማው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሙዚቃ ነው። የሕዝቡ ድምፅ ተቆርጧል፤ የተራኪው ድምፅ ተቆርጧል፤ ያን ቀን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው የሰማው ድምፅ በምስሉ ውስጥ የለም። የስፖርት ተራኪዎቹን ሰሎሞን ተሰማንና ደምሴ ዳምጤን ሰምቶ ያደገ ትውልድ ለልጆቹ ምን እንደሰማ ማሰማት ካልቻለ፣ የስፖርት ታሪካችን የሜዳሊያ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሬዲዮ ሰዎች በነበርንበት ዘመን ቴፕ ውድ ስለነበር በአንዱ ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበር፤ ብዙ ጥሩ ጨዋታዎች የጠፉት በዚያ መንገድ ነው። የተረፈው ያለው በየሰው ቤት ባሉ ካሴቶች ውስጥ ነው፤ ከሬዲዮ አጠገብ ቴፕ አስቀምጦ የቀዳ ስንት አድማጭ ነበር።

ስለዚህ ስፖርት የተቀዳበት አሮጌ ካሴት በቤታችሁ ካለ አትጣሉት፤ በላዩም አትቅዱበት። ከፀሐይና ከእርጥበት፣ ከትልልቅ ድምፅ ማጉያዎችም አርቁት፤ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ቅጂውን ሊያጠፋው ይችላል። ለብዙ ዓመት ያልተሠራበት ማጫወቻ ውስጥ ወዲያው አትክተቱት፤ የማጫወቻው ጭንቅላት ካልተጸዳ ድምፁን ያደበዝዘዋል፤ ሪባኑንም ሊጎዳው ይችላል፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ በቀስታ ይጠረግ። ስታጫውቱት ለመስማት ብላችሁ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ሲዞር ጀምሮ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ይቀዳ፤ አሮጌ ሪባን ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል። ከዚያ ለአንድ አንጋፋ የሬዲዮ ሰው አሰሙት፤ ተራኪውን በድምፁ የሚለዩ ጥቂቶች ገና በሕይወት አለን። የተራኪውን ስም፣ የሚጫወቱትን ክለቦችና ዓመተ ምሕረቱን ሽፋኑ ላይ በማይለቅ ብዕር ጻፉበት።