የዌብን ጠባይ የሚያውቁት አስጎብኚ

ወደ ባሌ የሄድኩት ዓሣ ለማጥመድ አልነበረም። ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዲንሾ አካባቢ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምድ የመሩትን አስጎብኚ ውለታ ሳይረሳ ቆይቶ አዲስ የማጥመጃ ዘንግ ስለላከላቸው፣ ዕቃውን አድራሽ ሆኜ በታኅሣሥ ወር ተነሣሁ። ዘንግ አድርሶ መመለስ ብቻ ለረጅም መንገድ በቂ ምክንያት ስላልመሰለኝ፣ እግረ መንገዴን ከሰውየው ጋር ዌብ ወንዝ ዳር ለመዋል አስቀድሜ በስልክ ተስማምቼ ነበር።

ከአዲስ አበባ በአሰላና በበቆጂ በኩል ዶዶላ እስክንደርስ፣ ገሚሱ ታጭዶ ገሚሱ ከቆመው የአርሲ የስንዴና የገብስ ማሳ በቀር የምጽፈው የለኝም። ዶዶላ ላይ መኪና ስንቀይር ግን የሚኒባሱ ረዳት ዘንጉ ያለበትን ቱቦ አይቶ «ይሄ የሰው ቦታ ይይዛል» በማለት 200 ብር ጠየቀኝ። ቱቦው ሁለት ክንድ የማይሞላ ሲሆን እስከ ዲንሾ የተጓዘውም በራሴ ጭን ላይ ነው፤ በሌላው ጭኔ ላይ የማላውቃት ሕፃን ተኝታ ስለነበር፣ የሰው ቦታ የያዘው ማን እንደሆነ ለመከራከር የሚመች አቀማመጥ አልነበረኝም። ገንዘቡን ከፈልኩ፤ እስከ አዳባ ድረስ ግን ረዳቱን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ከተማ ስትሆን ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ይህ ቁጥር በታኅሣሥ ሌሊት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው እዚያው አልጋ ለያዘ ሰው ነው። ለክፍሉ 700 ብር ከፍዬ (ከጎኔ ያደረው ሾፌር 400 መክፈሉን በማግሥቱ ነገረኝ) ጃኬቴንና ካልሲዬን ሳላወልቅ ከአንድ ስስ ብርድ ልብስ ሥር ተጋደምኩ። የመስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል። ከፊት ለፊት ያለው ቤት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ያንኑ ዘፈን ሲደጋግም ቆይቶ ዝም ሲል ተራውን ውሾች ተረከቡት። ባለቤትየዋ ተጨማሪ ብርድ ልብስ እንዳላቸው የገለጹልኝ ጠዋት ቁልፉን ስመልስ ነበር። ከግቢው ስወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጥዶቹና ከኮሶዎቹ ሥር፣ ሦስት የደጋ አጋዘኖች እንደ ሰፈር ከብት ተረጋግተው ይግጣሉ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የማይገኘውን እንስሳ ቁርስ ሳልበላ፣ ያውም በነጻ ስለተመለከትኩ፣ በሌሊቱ ላይ የነበረኝ ቅሬታ በግማሽ ቀነሰ።

አስጎብኚው ዕድሜያቸው ስድሳን የተጠጋ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ያረጀ ካፖርት ደርበው፣ በአንገታቸው ላይ በሲባጎ የታሰረ የመስታወት ቴርሞሜትር አንጠልጥለው ድልድዩ አጠገብ ይጠብቁኝ ነበር። ቱቦውን ተቀብለው ዘንጉን አወጡ፤ አራቱን ክፍል ገጣጥመው አንድ ጊዜ ወዝወዝ ካደረጉት በኋላ መልሰው ፈታቱትና ቦታው ከተቱት። ደስታቸውን የገለጹት በጥቂት ቃላት ነው፦ «እግዜር ይስጥልኝ በለው። ለዛሬ አሮጌው ይበቃናል፤ መጀመሪያ ወንዙ እንዴት እንዳደረ እንጠይቅ።»

ጥያቄው የምር ነበር። ወደ ውኃው ወርደው ቴርሞሜትሩን ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ካስገቡ በኋላ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ቆዩ፤ 9 ዲግሪ ሲያሳይ ከካፖርታቸው ኪስ አንድ የተማሪ ደብተር አውጥተው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰማዩን ሁኔታና የውኃውን ሙቀት መዘገቡ። ትራውት የብርድ ውኃ ዓሣ መሆኑን የነገሩኝ በዚያው አጋጣሚ ነው። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪን ሲያልፍ ይህ ዓሣ መብላት እየተወ ይጨነቃል፤ ከዚያም በላይ ከቆየ ይሞታል። ስለዚህ አጥማጅ ሊመለከት የሚገባው ከዓሣው በፊት ውኃውን ነው የሚል እምነት አላቸው። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ ሳደርገው የአንዳንዱ ዕለት መዝገብ ስለ ዓሣ አንድም ቃል አልያዘም።

ከዚያ የመጣው ነገር ከጉዞዬ ሁሉ ያስደሰተኝ ነው። አስጎብኚው ዘንጉን ሣር ላይ አስቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከወንዙ ውስጥ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ አንሥተው ገለበጡት። ከላይ ሲታይ ተራ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ግን መንደር ነው። ሦስት ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ ትሎች ወደ ጥላው ይሸሻሉ፤ ከአሸዋ ቅንጣትና ከእንጨት ስባሪ ለራሱ ቤት ሠርቶ ከነቤቱ የተለጠፈ ሌላ ትል አለ፤ ለዐይን የማይሞላ ጥቁር ነገርም ይንፏቀቃል። እነዚህ ሁሉ ክንፍ አውጥተው ከውኃው እስኪወጡ ድረስ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት እዚያው ድንጋይ ሥር ነው፤ ትራውትም ከሚበላው አብዛኛውን የሚያገኘው ከውኃው በታች ከእነርሱ ነው። አስጎብኚው ድንጋዩን እንደነበረ አድርገው ወደ ቦታው ከመለሱ በኋላ አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ ከፈቱ፤ ውስጡ ራሳቸው የሠሯቸው ሰው ሠራሽ ዝንቦች ሞልተዋል። ከቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ፣ ከበግ ፀጉርና ከስፌት ክር በመንጠቆ ላይ የተጠመጠሙ ናቸው። ድንጋዩ ሥር ካየነው ባለ ሦስት ጭራ ትል ጋር ቀለሙ የሚመሳሰለውን መርጠው ከስሱ ናይለን ጫፍ አሠሩ። ላባና ክር ከቤት ይገኛል፤ መንጠቆውን ግን ጎብኚዎች ትተውላቸው ከሄዱት ቆጥበው ነው የሚጠቀሙበት።

ስለ ፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዝንብ ስለ ማጥመድ፣ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር መግለጽ ይኖርብኛል። በተለመደው አጠማመድ የሚወረወረው ከክሩ ጋር የታሰረው የእርሳስ ብረት ክብደት ነው፤ መንጠቆውም ክሩም እርሱን ይከተላሉ። እዚህ ግን ዝንቡ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ በአየር ላይ የሚወስደው ወፍራሙና ክብደት ያለው ክር ራሱ ነው። ስለዚህ ክሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እስኪያበቃ ድረስ መታገሥ፣ ከዚያም ዘንጉን ወደ ፊት ገፍቶ ቀጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በጉልበት የሚጣደፍ ሰው ክሩን በራሱ ባርኔጣ ላይ ይጠመጥመዋል። ዝንቡ ውኃው ላይ ካረፈ በኋላም ክሩ እየጎተተ ከወራጁ ካፈጠነው ወይም ካዘገየው ዓሣው አይነካውም።

ትራውት ሁልጊዜ ወራጁ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ዞሮ ይቆማል፤ ጉልበቱን ለመቆጠብ ፈጣኑ ውኃ ከዝግተኛው የሚለይበትን መስመር ወይም የድንጋይ ከለላ ይመርጣል። ስለዚህ አስጎብኚው ከታች ወደ ላይ፣ ከዓሣው ጀርባ፣ ጥላቸው ውኃው ላይ እንዳያርፍ ጎንበስ ብለው ይጠጋሉ። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ እንድመለከት ተፈቅዶልኝ፣ ካፖርቴን እንዳላወዛውዝ ሁለት ጊዜ ተገሠጽኩ። ዘንጉን እንድሞክር ሲጋብዙኝ አልተቀበልኩም፤ ሌላው ሰው በደንብ የሚሠራውን ሥራ መመልከት ለእኔ ሁልጊዜ ይበልጥብኛል።

ረፋድ ላይ አንድ ያዙ። ርዝመቱ ከክንድ የሚያንስ፣ ጎኑ ላይ ጥቁርና ቀይ ነጠብጣብ የተበተነበት ቡናማ ትራውት ነበር። ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በውኃ አራሱ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ቆዳ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፋልና። መንጠቆው ወደ ኋላ የሚይዘው እሾሁ በፒንሳ ተጫጭኖ የጠፋ ስለነበር ያለ ችግር ወጣ፤ ዓሣውን ራሱን ወደ ወራጁ አዙረው ያዙትና ጅራቱ ሲበረታ ለቀቁት። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የማጥመጃ ፈቃድ ከፍዬ፣ በሆዴም ጥብስ እያሰብኩ ስለነበር፣ «ጋሼ፣ ለምን ለቀቁት?» ማለቴ አልቀረም። «አንተ ዛሬ ምሳ ሌላም አታጣም። ይሄ ግን ድንጋዩን ያውቀዋል፤ ለነገ ሌላ ሰው ያሳየዋል» አሉኝ።

ይህ ዓሣ የባሌ ተወላጅ አይደለም። ቡናማው የአውሮፓ፣ ሌላው ዝርያ የቀስተ ደመና ትራውት ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ሲሆን፣ ቡናማው በ1905 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ወንዞች ገባ፤ ከኬንያ ደግሞ ሁለቱም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መገባደጃ ወደ ባሌ መጥተው በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቁ። አስጎብኚው በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ነጮች በቀጭን ዘንግ ውኃውን «ሲገርፉ» አይተው መሣቃቸውን ያስታውሳሉ። እኔም ይህን ሰምቼ ነገሩን ገፋ አድርጌ ጠየቅሁ፤ ባሌ በሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች ያሏት አገር ስለሆነች፣ ከውጭ የመጣ በላተኛ ዓሣ በወንዟ ውስጥ መኖሩ አያሳስብም ወይ? ክርክር ይነሣል ብዬ ስጠብቅ አስጎብኚው ተስማሙ። ትራውት ያለ ምሕረት የሚበላ መሆኑን፣ ዓሣ ባልደረሰባቸው ትንንሽ ምንጮች ውስጥ ማንም እንዳይጨምርበት እንደሚከላከሉ፣ አንድ ወጣት በጀሪካን ሊወስድ ሲል እንዳስቆሙት ነገሩኝ። እንጀራዬ ነው ብሎ እውነቱን የማይደብቅ አስጎብኚ ብዙ አላጋጠመኝም።

በማግሥቱ በፈረስ ወደ ላይኛው የዌብ ሸለቆ ወጣን፤ አዲሱ ዘንግም ተመረቀ፤ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ አየን፤ ነፋሱ ግን ከንፈሬን ስለሰነጠቀው የቀረውን ላሳጥረው። የሚጻፈው አስጎብኚው በየመንገዱ የሚያቆሙበት ምክንያት ነው። ከብት ያለ ልክ ሲረግጠው የፈረሰ የወንዝ ዳር ባዩ ቁጥር ከፈረሳቸው ይወርዳሉ። ከፈረሰው ዳር የሚታጠበው ደቃቅ አፈር በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ትሎቹ መኖሪያ ያጣሉ፤ ትራውትም እንቁላሉን የሚቀብረው በጠጠር ውስጥ ስለሆነ፣ ውኃ በጠጠሩ መካከል ካላለፈ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ስንመለስ ሁለት ልጆች ዳንካ ውስጥ ሞተር ሳይክል በኦሞ ሲያጥቡ አገኘን። እኔ ቁጣ ስጠብቅ፣ ሽማግሌው ባልዲ ተቀብለው ውኃ እየቀዱ ሞተሩን ሣሩ ላይ አብረዋቸው አጠቡ፤ ልጆቹም እያፈሩ ጨረሱ። እኔ ያደግሁት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው፤ በእኛ ሰፈር ወንዙን ሲሻገሩ አፍንጫ ይያዛል እንጂ ባልዲ አይያዝም። ይህን ስነግራቸው ስለ ሽታው ሳይሆን «ከየት ይነሣል? ምንጩ ጋ ሄደህ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከእንጦጦ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሄጄ ግን አላውቅም።

በዚያ ምሽት ማረፊያዬ በር ሲንኳኳ የአስጎብኚው ልጅ ወፍራም ጋቢ ይዛ ቆማለች። የመጀመሪያውን ሌሊት ሁኔታ በጨዋታ መካከል ማንሣቴን አባቷ ሰምተው ኖሯል። እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ አልነቃሁም።

ልሰናበት ስል ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ እንደምቀጥል ነገርኳቸው። ዌብ ከእነዚህ ተራሮች ወርዶ፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ ሰርስሮ ያልፋል፤ ከዚያም ዶሎ አካባቢ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ በጁባ ስም ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። አስጎብኚው ቴርሞሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ፤ ከዋሻው መውጫ እንድለካላቸው፣ ድንጋይም እንድገለብጥ አደራ አሉኝ። በጉብኝት ላይ የቤት ሥራ ሲሰጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከጎሮ ወዲያ ያለው መንገድ አቧራ ነው። ዋሻው በውስጡ የቆሙት የድንጋይ ምሰሶዎች፣ የሼህ ሶፍ ዑመር መታሰቢያነቱና ቅዝቃዜው ለብቻው የሚጻፍ ነው። ውኃውን ስለካ 23 ዲግሪ ሆነ፤ በአንድ ጎረምሳ እርዳታም ድንጋይ ገለበጥኩ። ጎሮ ስመለስ ስልክ ደወልኩላቸው።

«ሃያ ሦስት?» አሉ። «እንግዲህ ዓሣዬ እዚያ አይደርስም። ድንጋዩስ?»

«ሦስት ጭራ ያለው አገኘሁ።»

«ቀለሙ?»

«ቡናማ፤ ከዲንሾው ያንሳል።»

ደብተር ሲገለጥ ተሰማኝ። ቀኑንና የለካሁበትን ሰዓት ጠይቀው ከመዘገቡ በኋላ፣ ቴርሞሜትሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ለሮቤ ሾፌር እንድሰጥ፣ ሾፌሩም ከፊት ወንበር እንጂ ከዕቃ መጫኛ ላይ እንዳያስቀምጠው ደጋግመው አስጠነቀቁኝ።