ቢጫው ሽቦ የት ታሰረ?

በጋራዥ ለደንበኛ ከሚሰጡ መልሶች ሁሉ «ይህ ብልሽት አይደለም፤ እንደገና አስተካክለው» የሚለውን ያህል የሚያበሳጨኝ የለም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ የምሠራው ጎንደር፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ነው። ይህን መልስ ከሌላ ቦታ ተቀብለው ተስፋ በመቁረጥ ወደ እኛ የመጡ አንድ ሹፌር ነበሩ። የሚነዱት መንገደኛና ጎብኚ ከጎንደር ደባርቅ የሚያመላልስ ቶዮታ ሚኒባስ ነው። ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ መሪውም ደህና ነው። ያስቸገራቸው መኪናው ከተገዛ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ የተገጠመው ባለ አንድሮይድ የንክኪ ስክሪን ነበር።

«ልጄ፣ ማታ ያስተካከልሁትን ጠዋት አላገኘውም» አሉኝ። ሰዓቱ ይጠፋል። የያዟቸው የሬዲዮ ጣቢያዎች ይጠፋሉ። ድምፁ ፋብሪካው ወደ ወሰነለት ልክ ይመለሳል፤ ብርሃኑ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይደምቃል። በዚህ ላይ ከእኛ በፊት ያየው ባለሙያ «ወደ ፋብሪካው ቅንብር ልመልሰውና ይስተካከላል» ብሎ ሁሉንም ስለ ሰረዘው፣ ጽሑፉ በሙሉ ቻይንኛ ሆኖባቸዋል። የትኛው ምልክት ምን እንደሚከፍት በልምድ እየገመቱ ነበር የሚነኩት።

ጉዳዩ የቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከእሳቸው ጋር ይሳፈር። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣው መንገድ ጥምዝምዝ ነው፤ በክረምት ጉም ይወርድበታል፤ ገበያተኛው ከነአህያው ገና በጨለማ መንገድ ዳር ይጓዛል። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከመሪው አጠገብ ነጭ ብርሃን የሚረጭ ስክሪን ካለ ደግሞ ጭራሽ አይለምድም። ሰውዬው ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፤ መነጽር ያደርጋሉ። ብርሃኑን ዝቅ፣ ፊደሉን ተለቅ፣ የኋላ ካሜራውን ምስል ደመቅ አድርገው የያዙት ለዚሁ ነው። እነዚህ ከጠፉባቸው እየነዱ መነካካት ሊጀምሩ ነው። የድሮውን የሬዲዮ ቁልፍ በጣት ዳስሶ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ለስለስ ያለ መስታወት ላይ ግን ጣት የት እንዳረፈ ለማወቅ ዓይን ከመንገዱ መነሣት አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ለ3 ሴኮንድ ስክሪን ያየ ሹፌር 50 ሜትር መንገድ ሳያይ አለፈ ማለት ነው፤ ያውም ከኋላው ሰው ጭኖ።

ስክሪኑን ከመንካቴ በፊት የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ በካቻቪቴ አላቅቄ ወደ ኋላው ገባሁ። እንዲህ ያለ ስክሪን ሁለት የኃይል መስመር ይፈልጋል። ቢጫው ሽቦ ቁልፉ ቢነቀልም ባይነቀልም ከባትሪው ቀጥታ ኃይል የሚያገኝ ነው፤ በብዙዎቹ ስክሪኖች ሰዓቱን፣ የሬዲዮ ጣቢያዎቹንና የድምፁን ልክ የሚያስታውሰው ክፍል የሚሠራው በዚህ ነው። ቀዩ ሽቦ የመኪናው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ያገኛል፤ ስክሪኑ መነሣትና መተኛት ያለበትን ጊዜ የሚያውቀው በእሱ ነው። ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። የቶዮታ የራሱ ሽቦዎች ቀለም ግን ሌላ ነው፤ በብዙዎቹ ቀጥታው ቢጫ መስመር ያለበት ሰማያዊ፣ የቁልፉ ግራጫ፣ ኔጋቲቩ ቡናማ ነው። ስለዚህ ቀለም ከቀለም አመሳስሎ መግጠም አያዋጣም፤ እያንዳንዱን በቴስተር መለካት ያስፈልጋል።

ፕላስተሩን ስፈታ ቢጫውና ቀዩ አንድ ላይ ተጠምዝዘው ከግራጫው ጋር ታስረዋል። ባለ ቢጫ መስመሩ ሰማያዊ ሽቦ ተቆርጦ ጫፉ ለብቻው ተጠቅልሏል። ቁልፉን ነቅዬ ለካሁ፤ ሰማያዊው ላይ 12.4 ቮልት፣ የስክሪኑ ቢጫ ላይ ዜሮ። ሹፌሩ ማታ መኪናቸውን አቁመው ቁልፍ በነቀሉ ቁጥር የስክሪኑ ኃይል በሙሉ ይቋረጥ ነበር ማለት ነው። ያስተካከሉትን መዝግቦ የሚጨርስበት ፋታ እንኳ አልነበረውም።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ደስ አለውና «በቃ አገኘነው፤ ወደ ቦታው መልሰን እንሸኛቸው» አለኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የሰማያዊው ሽቦ ጫፍ የተጠቀለለው በጥንቃቄ ነው፤ እጁ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢጫውን ከቀጥታው መስመር ላይ ያነሣው ያለ ምክንያት ሊሆን አይችልም። «ጋሼ፣ ይህ ነገር ከመጀመሩ በፊት ሌላ የሚያስቸግርዎት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «የባትሪው ነበረ እንጂ» አሉ። ቅዳሜ ማታ ያቆሙት መኪና ሰኞ ንጋት ላይ አልነሣም ይላቸው ነበር። አንድ ባለሙያ «ባትሪውን የሚበላው ስክሪኑ ነው» ብሎ በቅጽበት አስተካከለላቸው፤ ባትሪውም ከዚያ ወዲህ ደክሞ አያውቅም። ስክሪኑ መርሳት የጀመረው ከዚያው ቀን ወዲህ መሆኑን ግን ልብ ያለ አልነበረም። ለእሳቸው ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ነበሩ፤ አንዱ የዳነ፣ አንዱ የማይድን።

ሽቦውን ዝም ብለን ብንመልሰው ኖሮ ስክሪኑ ያስታውስ ነበር፤ መኪናው ግን በቀጣዩ ሰኞ በብርድ አይነሣም ነበር። ስለዚህ ቢጫውን ለሙከራ ወደ ቀጥታው መስመር መልሰን፣ የመኪናውን በሮች ዘግተን፣ ከባትሪው የሚወጣውን የኤሌክትሪክ መጠን የሚያሳየውን የአምፔር መለኪያ በባትሪውና በኔጋቲቭ ገመዱ መካከል አስገብተን ጠበቅን። መጠበቁ ግዴታ ነው፤ ቁልፍ እንደተነቀለ ወዲያው የሚታየው ቁጥር ምንም አይነግርም፤ የመኪናው የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አንድ በአንድ እስኪተኙ ድረስ ከፍ ብሎ ይቆያል። ምሳ በልተን ስንመለስም መለኪያው 0.6 አምፔር ላይ ነበር። በደህና ጊዜ ከ0.05 ማለፍ አልነበረበትም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት 35 ሰዓት አለ፤ በ0.6 ሲባዛ 21 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የመኪናው ባትሪ ደግሞ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ከአንድ ሦስተኛው በላይ ያልቃል፤ ባትሪው ካረጀና ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ያ በቂ ነው።

ከተሳፋሪ ወንበር ሥር የስፒከሮቹን ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር አለ። እጄን ሰድጄ ስነካው ሞቋል። ቁልፉ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ሬዲዮው ድምፅ የለውም፤ ብረቱ ግን እንደሚሠራ ሁሉ ይሞቃል። አምፕሊፋየሩን የሚቀሰቅሰውን ቀጭን ሽቦ ተከትዬ ስሄድ ስክሪኑ ጀርባ ደረስሁ፤ ከቢጫው ሽቦ ጋር አንድ ላይ ታስሯል። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። ባትሪውን ይበላ የነበረው ቀንና ሌሊት የማይተኛው አምፕሊፋየር ነው። የቀድሞው ባለሙያ የታሰሩትን ሽቦዎች በጅምላ ወደ ቁልፉ መስመር ሲያዛውር አምፕሊፋየሩም ተኛ፣ ስክሪኑም ማስታወሱን አጣ። ቀጭኑን ሽቦ ከቢጫው ለይቼ ስክሪኑ ሲነሣ ብቻ ኃይል ከሚሰጠው የስክሪኑ የራሱ ሰማያዊ ሽቦ ጋር አገናኘሁት፤ እንዲህ ያለ ስክሪን ይህን ሽቦ ይዞ የሚመጣው ለዚሁ ነው። መለኪያው ወደ 0.02 ወረደ።

ብዙዎቻችን ሥራው እዚህ ላይ አለቀ ብለን ቁልፍ እናስረክባለን። ሰውዬው የመጡት ግን ሽቦ አስተካክሉልኝ ብለው አልነበረም፤ የራሳቸውን ስክሪን ፈልገው ነው። ስለዚህ የሹፌሩ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ አድርገን አንድ በአንድ መለስነው። ቋንቋው ቀድሞ መስተካከል ነበረበት። ባለ ጥርስ ጎማ የሚመስለውን የማስተካከያ ምልክት መክፈት፣ ከዚያ የሉል ምልክት ያለበትን መፈለግ፣ ከዝርዝሩም አማርኛን መምረጥ ነው፤ የጠፋብንን ገጽ በስልክ ካሜራ እያስተረጎምን ደረስንበት። ብርሃኑን ጋራዡ ውስጥ ቀን ላይ ማስተካከል ትርጉም የለውምና ማታ እስኪሆን ጠበቅን፤ የፊት መብራት ሲበራ ስክሪኑን እንዲያደበዝዝ የሚያደርገውን ብርቱካንማ ሽቦም አገናኘነው፤ ከተገጠመ ጀምሮ የነካው አልነበረም። የድምፁን ልክ ራሳቸው ሰምተው ወሰኑ። ለእኔ ጆሮ ከፍ ያለ ነበር፤ ግን የምነዳው እኔ አይደለሁም።

ሰዓቱ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ሹፌሩ የሚፈልጉት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ንጋት 12 ሰዓት 12 ብሎ እንዲያሳያቸው። በእጅ ሲሞሉት ስክሪኑ ከሳተላይት ወይም ከኢንተርኔት ሰዓት ባገኘ ቁጥር ያጠፋዋል፤ ያውም የተሠራበትን ሀገር፣ የቤጂንግን ሰዓት ያመጣል፤ ከእኛ 5 ሰዓት የቀደመውን። ብዙ ባለሙያዎች ራስ ሰር ማስተካከያውን ይዘጉታል፤ ያኔ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይዛነፋል። የተሻለ መንገድ አለ። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ (UTC) በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ እኛ ሰዓት ስንቆጥር ደግሞ 6 እንቀንሳለን፤ ውጤቱ ከመለኪያው በ3 ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ነው። ያ የቦነስ አይረስ ሰዓት ነው። አካባቢውን ቦነስ አይረስ ብሎ መርጦ፣ አቆጣጠሩን ባለ 12 ሰዓት አድርጎ፣ ራስ ሰሩን ክፍት መተው ነው። ጎንደር ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ስክሪኑም 1 ይላል፤ የፈለገውን ያህል ራሱን ቢያስተካክል አይስትም። ቀኑ ሳይቀር የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ሹፌሩን ከሁሉም በላይ ያስደሰታቸው ይኸው ነበር። አካባቢውን ሳይለውጡ ሰዓቱን ብቻ 6 ወደ ኋላ መጎተት ግን ጥሩ አይደለም፤ የስክሪኑ እውነተኛ ሰዓት ስለሚዛባ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ያስቸግራል።

መኪናውን በዚያው ማታ አላስረከብንም። ጋራዡ ግቢ አሳድረን፣ ጠዋት ሹፌሩ ራሳቸው ቁልፉን አዙረው ሁሉም በቦታው መሆኑን አዩ።

የመኪና ባትሪ ስንቀይርም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገመዱ ከመነቀሉ በፊት የቅንብር ገጾቹን በስልክ ፎቶ ማንሣት ጥቂት ደቂቃ ነው። ቁልፉን አጥፍቶ ስክሪኑ መዝግቦ እስኪጨርስ ጥቂት መታገሥም እንዲሁ። የሚቻል ከሆነ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ የመኪናው ኮምፒውተር በሚመረመርበት ሶኬት በኩል አያይዞ ማስታወሻውን ማቆየት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የተነቀለው የፖዘቲቭ ገመድ ኃይል ስላለው ብረት እንዳይነካ በጎማ መሸፈን አለበት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው፤ በአንዳንዶቹ የአየር ማቀዝቀዣው ሳይቀር የሚታዘዘው በስክሪን ነው። እነሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ሲደክም ስክሪኑ መረበሽ ይጀምራል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ምርጫው የሚቀመጠው በሹፌሩ መለያ ሥር ስለሆነ፣ ሌላ ሰው በራሱ መለያ ከነዳው ሁሉም የተሰረዘ ይመስላል። ሆን ተብሎ የሚመለስም አለ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው የፍጥነት ገደብ አስታዋሽ ሹፌሩ ቢያጠፋውም መኪናው እንደገና ሲነሣ ይበራል። ያንን በሽቦ ለማታለል የሚሞክር ጋራዥ አልደግፍም። ለደንበኛው ይህ የሠሪው ውሳኔ ነው ብሎ በግልጽ መንገር ይበቃል፤ ከብልሽት ለይቶ ማሳየት ግን የእኛ ግዴታ ነው።

ሒሳብ ሲሠራ የጋራዡ ባለቤት የሽቦውን ሥራ ብቻ ጻፉ። «ስክሪን ማስተካከልማ ማንም በነጻ ያደርገዋል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ማንም በነጻ ስላደረገው ነው ሰውዬው ከጋራዥ ጋራዥ ሲንከራተቱ የኖሩት አልኋቸው፤ ተከራከርን። በመጨረሻ ሹፌሩ ራሳቸው «የሠራችሁበትን ጻፉት፤ እከፍላለሁ» ብለው ነገሩን ጨረሱት። አሁን በሥራ ማዘዣችን ላይ ከባትሪና ከፊውዝ ቀጥሎ «የደንበኛው ቅንብር ተመዝግቧል፣ ተመልሷል» የሚል መስመር ታትሟል፤ ሹፌሩ መቀመጫው ላይ ሆኖ አይቶ ካልፈረመበት ቁልፍ አይወጣም።