«ደክሞት ነው?»

አማቴ ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩን እስካሁን ረስቼው ነበር። እኔን የገደለኝ ከልባቸው አዝነው መጠየቃቸው ነው።

ቀኑ ቀዳም ሹር፣ ሰዓቱ ረፋድ፣ ቦታው የአማቴ ግቢ። ሽንኩርት የሚከትፉ 6 ጎረቤቶች አሉ። 6 መሆናቸውን እርግጠኛ ነኝ። እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት ሁሉ ተራ በተራ ይመጡብኛል፣ ቢላዋቸውን እንደያዙ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጾሙ በገባ በ10ኛው ቀን ከቢሾፍቱ 50 የሥጋ ጫጩት አመጣሁ። የአንድ ቀን ጫጩት፣ ጎኑ በተበሳሳ ካርቶን። የሥጋ ዶሮ በ45 ቀን ይደርሳል፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከ55 ላይ 10 ሲቀነስ ፋሲካ! ስልኬ ላይ ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ሂሳቡ ዛሬም ትክክል ነው። የተሳሳተ ካለ ዶሮው ነው።

በነገራችን ላይ «በ45 ቀን ትርፋማ ይሁኑ» እያሉ ቪዲዮ የሚለቁ ሰዎች የት እንደሚኖሩ የሚያውቅ ይንገረኝ። እነሱ ጋ ዶሮ አይሞትም፣ መኖ አይወደድም፣ መብራት አይጠፋም። እኔ ጋ በ3ኛው ሌሊት ጠፋ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 33 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። እኔ ያለኝ ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖል ነው፣ እሱም ድርግም ብሏል። ጫጩት ሲበርደው ይደራረባል፤ ከሥር ያለው ይታፈናል። እስኪነጋ ድረስ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ መሃላቸው ስደረድር አደርኩ። የሚስቴ ጋቢም ሄደ። ጠዋት 46 ሆኑ። ሚስቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጋቢው ነው።

በ7ኛው ቀን የፈንግል ክትባት ነበር። ዓይናቸው ላይ አንድ አንድ ጠብታ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን 46ቱም አንድ ዓይነት ቢጫ ናቸው፣ 46ቱም ይሮጣሉ፣ የተከተበውንም እዚያው ሰጋቱራ ላይ መልሼ ነው የምለቀው። አንዳንዱ ሁለቴ ተከትቧል ብዬ እጠረጥራለሁ። አንዱ ደግሞ ሦስተኛ ስይዘው «ኧረ በቃ» በሚል ዓይን አይቶኛል።

ከዚያ በኋላ መብላት ብቻ ሆነ። እኛ ቤት ሽሮ፣ ምስር፣ እንደገና ሽሮ። እነሱ 22 በመቶ ፕሮቲን ያለው ስታርተር የሚባል መኖ፣ ቀጥሎ ግሮወር፣ ቀጥሎ ፊኒሸር። ሚስቴ አንድ ማታ የመኖውን ከረጢት እንደ ሜኑ አነበበችው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ቫይታሚን። ከዚያ ሳህኗን አየት አድርጋ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን አልተከፈለም።

የሀበሻ ዶሮ ስታድግ ያየ ሰው ይህን ነገር ዶሮ ብሎ ለመጥራት ይቸገራል። የሀበሻ ዶሮ ትጭራለች፣ አጥር ትዘላለች፣ ከጭልፊት ትሸሻለች፣ ማታ ቆጥ ላይ ትወጣለች። የእኔዎቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይቀመጣሉ። በ5ኛው ሳምንት መመገቢያው ሥር ተቀምጠው መብላት ጀመሩ። ደረታቸው ከእግራቸው ቀድሞ አድጓል። እኔ ግን ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ለፋሲካ ትልቁን አውራ ለአማቴ መረጥኩ። 2 ኪሎ ተኩል! (ከቀሩት 45ቱ 19ኙ «ደመወዝ ሲወጣ» ተብለው ሄደዋል። ደመወዝ ሁለት ጊዜ ወጥቷል። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።) ደረቱ ላይ ሰጋቱራ ስለተጣበቀበት በሳሙና አጠብኩት። ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ነጭ እንደ በረዶ ሆነ። በዘንቢል ይዤው ታክሲ ገባሁ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ መርፌ የሚወጉት ነው አይደል?»

እዚህ ጋ ትንሽ ልናገር፣ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ማንም አይወጋቸውም! ሆርሞን የሚባል ነገር የለም። ፈረንጆቹ ለብዙ ዓመታት ቶሎ የሚያድገውን እየመረጡ አዳቅለው ያወጡት ዝርያ ነው፤ ሌላው ሥራ የመኖ ነው። ደግሞ እኔን ነው ወጋ የሚሉኝ? ሐኪም ቤት መርፌ ሲያነሱ ፊቴን የማዞር ሰው? ይህን ሁሉ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። ከዚያ ዘንቢሉን አይቶ «እሱም ይጠጋ» ሲል ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ይህን ግን ረስቼዋለሁ። ይህ ምንም አይደለም።

አማቴ ግቢ ስደርስ ዶሮውን ከነዘንቢሉ አስረክቤ ቡና መጠጣት እችል ነበር። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ግን ሲራመድ እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ጽዱ ሥር የጎረቤት ቀይ ገብስማ አውራ በሲባጎ ታስሮ ደረቱን ነፍቶ ይጮኻል። «ቆይ አንተ» አልኩት በሆዴ። የእኔን አውጥቼ መሬት አስቀመጥኩት። የ6ቱም ቢላዋ ቆመ።

አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውን ጀመረ። ከዚያ ተቀመጠ።

አቀማመጡን መናገር አለብኝ። የደከመ ዶሮ አቀማመጥ አይደለም። የዕድር ሰብሳቢ አቀማመጥ ነው። መጀመሪያ የኋላውን አደላደለ። ቀጥሎ ደረቱን በዝግታ አወረደ። ክንፉን እንደ ካቦርት ሰበሰበ። ዙሪያውን ቃኘ። ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። በእግሬ ነካ አደረግሁት፤ ከነመቀመጫው ትንሽ ተንሸራተተ እንጂ አልተነሣም። አነሣሁትና አቆምኩት። እንደገና የኋላውን አደላደለ፣ ደረቱን አወረደ፣ ክንፉን ሰበሰበ። ሥርዓቱን አንዲት አልዘለለም።

አማቴ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ቀረቡ። ፊታቸው ላይ አንዲት ሳቅ የለችም።

«ልጄ፣ ምነው? ደክሞት ነው?»

«መንገድ ስለመጣ ይሆናላ» አሉ አንዷ ጎረቤት።

በዚያች ሰዓት ልናገር የምችለው ብዙ ነገር ነበር። ዝርያው እንዲህ ነው ማለት ይቻላል። ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። ዝም ማለትም ይቻላል። እኔ ግን፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ እንዲህ አልኩ፦

«አይ፣ በታክሲ ነው የመጣው።»

በታክሲ ነው የመጣው! አሁንም ጥርሴን እየቦረሽኩ ድንገት ይመጣብኛል። ብሩሹን አቆማለሁ።

አንዷ ውሃ አመጡለት። ሌላዋ «ከጥላው አስጠጉት» አሉ። እንደ በሽተኛ አስጠጋነው። ስናስጠጋው ገብስማው ሲባጎው እስከሚፈቅድለት መጣ፣ በአንድ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አየው፣ ጀርባው ላይ ወጣና ጮኸ። የእኔው አልተንቀሳቀሰም። አማቼ፣ የሚስቴ አባት፣ በረንዳ ላይ ሆነው ሁሉን እያዩ ነው። ምንም አላሉም። አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። የሥጋ ዶሮ እንደ ሀበሻ ዶሮ ሰዓታት እሳት ላይ አይቆይም፤ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበስላል። ለብቻው ይጣድ፣ ቀደም ብሎ ይውጣ ማለት ነበረብኝ። ግን ከዚያ የታክሲ ንግግሬ በኋላ እንደገና አፌን ለመክፈት ድፍረቱ አልነበረኝም። አማቴ ገዝተው ካስቀመጡት የሀበሻ ዶሮ ጋር 12፣ 12 ብልቱን አውጥተው፣ በሎሚና በጨው አጥበው፣ አንድ ድስት ውስጥ ከተቱት። ለዓይን ሲያምር!

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ማዕድ ቀረበ። ጸሎት ደረሰ። አማቴ ለአማቼ «የልጃችንን ዶሮ ቅመሱለት» ብለው ጭልፋውን ወደ ድስቱ ሰደዱ። መላላጫ ወጣ፤ የሀበሻው ነው። ክንፍ ወጣ፤ የሀበሻው ነው። ከዚያ አጥንት ወጣ፣ ንጹሕ፣ የተላሰ የሚመስል። ሌላ አጥንት። የእኔ ዶሮ የለም። ሥጋው ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።

ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አማቼ ጭልፋውን ከአማቴ እጅ ተቀበሉ። እስከ ድስቱ ግርጌ አወረዱት፣ በቀስታ አማሰሉ፣ ወፍራም ነገር አፈስ አድርገው ወደ መብራቱ አስጠጉት።

«አትልፉ» አሉ፣ «እዚህም ተቀምጧል።»