ውኃ የሚይዝ ኩሬ፦ ከመራዊ አካባቢ የአንድ ዓመት የሥራ ማስታወሻ

መጀመሪያ ያሰብነው ሽሪምፕ የተባለውን ቅርፊት ለበስ የውኃ እንስሳ ማርባት ነበር። በኩሬ የሚረባው ትልቁ የወንዝ ሽሪምፕ የሚያድገው ጨው በሌለው ውኃ ቢሆንም፣ ከእንቁላል የወጣው እጭ በሕይወት የሚቆየው ግን ጨው በተቀላቀለበት ውኃ ብቻ ነው። ይህን በማሌዥያዋ ፔናንግ የደረሱበት ሻው ዌን ሊንግ የተባሉ ተመራማሪ ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነበር። እጩን አሳድጎ የሚያስረክበን ማራቢያ በአቅራቢያችን ስለሌለ፣ ጣና ለሚያውቀው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለተባለው ዓሣ ወሰንን። አፈሩን መምረጥ፣ ግድቡን መጠቅጠቅና ውኃውን ማውረድ ለሁለቱም እንስሳት ተመሳሳይ በመሆኑ፣ ሽሪምፕ ለማርባት የምታስቡም ከዚህ ማስታወሻ የምትወስዱት ነገር ይኖራል ብዬ አምናለሁ።

ከምንጫችን በታች ሁለት ቦታ ነበረን፤ ታችኛው ሜዳ ዋልካ፣ ላይኛው ተዳፋት ቀይ አፈር ነው። አባቴ የመረጡት ዋልካውን ነበር፤ በክረምት ውኃ ለሳምንታት ሲቆምበት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩ ናቸውና ምርጫቸው ምክንያት ነበረው። ይሁን እንጂ ዋልካ ርጥብ ሲሆን አብጦ ውኃ ቢይዝም፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ስለሚሰነጠቅ፣ ከውኃው በላይ ለሚቀረው የግድቡ ክፍል አይታመንም። በሁለቱም ቦታ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረን ጠዋት ውኃ ሞላን፤ ማታ የጎደለውን ተክተን በቅጠል ከደንነው። በማግሥቱ በቀዩ አፈር ጉድጓድ ውስጥ አብዛኛው ውኃ እንዳለ ነበር። ከዚያው አፈር በእጅ አድቦልቡለን ወደ ላይ ወርውረን ስንቀልበው አልፈረሰም። ከዚህ በኋላ አባቴም ተስማሙ።

የምንጩን አቅም የለካነው በጀሪካን ነው። 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን በ40 ሰከንድ ሞላ፤ ይህ በቀን ወደ 43 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያቀድነው ኩሬ የውኃው ገጽ 20 በ15 ሜትር፣ ጥልቀቱ በመግቢያው በኩል 80 ሴንቲ ሜትር፣ በመውረጃው በኩል 1 ሜትር ከ20 ነበር። የውስጥ ግድግዳው ለ1 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር ስለሚጋደም፣ የሚይዘው ውኃ 235 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ በ5 ወይም በ6 ቀን ይሞላል ማለት ነው።

ቁፋሮውን የጀመርነው በኅዳር ሲሆን፣ ትልቁን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራውን ለማፋጠን ብዬ ከላይ የተገፈፈውን ሣርና ሥር ያለበትን አፈር ከታች ከወጣው ጋር ቀላቅለን ግድቡን በአንድ ጊዜ ቆለልነው፤ የጠቀጠቅነውም ከላይ ብቻ ነበር። ኩሬው ሞልቶ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ወለሉ ላይ በተከልኩት ባለ ምልክት እንጨት ስለካ በ24 ሰዓት ውስጥ 7 ሴንቲ ሜትር ጎደለ። 7 ሴንቲ ሜትር ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያ ስፋት ግን 21 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ምንጩ በቀን ከሚሰጠን ግማሽ ያህሉ ነው። የታችኛው ግድብ ውጭያዊ ግርጌ ረጥቦ ሣሩ መለምለም ሲጀምር ውኃው የት እንደሚሄድ ግልጽ ሆነልኝ።

ኩሬውን አፍስሰን የታችኛውን ግድብ ሙሉ በሙሉ አፈረስነው። በዚህ ጊዜ በግድቡ መሐል ለመሐል፣ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ድረስ፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ቆፍረን ሥር በሌለው ሸክላማ አፈር ሞላነው፤ ግድቡንም ከዚያው ቦይ አስነሣነው። አፈሩን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብብር እያነጠፍን፣ ውኃ እያርከፈከፍን፣ በከባድ የእንጨት መጠቅጠቂያ ደበደብነው። ደረቅ አፈር ቢደበደብም እርስ በርሱ አይያያዝም፤ የጨቀየ አፈር ደግሞ ከመጠቅጠቂያው ሥር ይሸሻል፤ የሚፈለገው በመዳፍ ሲጨበጥ ቅርጽ ይዞ እጅን የማያጨቀይ ርጥበት ነው። ሥራው 19 ቀን ፈጀ። ሰው ሊደክመው እንደሚችል አውቃለሁ፣ ግን ከዚህ ክፍል አንድም ቀን እንድትቀንሱ አልመክርም። የግድቡን አናት 1 ሜትር አስፍተን ከውኃው ገጽ በላይ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው፤ ከላይ በኩልም የክረምት ጎርፍ እንዳይገባ መቀልበሻ ቦይ አወጣን።

በዚያው አጋጣሚ መውረጃውን አስተካከልን። ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ በግድቡ ሥር፣ ከወለሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ቀበርን፤ በኩሬው ውስጥ ባለው ጫፉ ላይ በክርን፣ ማለትም በታጠፈ የቱቦ መገጣጠሚያ፣ የሚዞር ቀጥ ያለ ቱቦ ገጠምን። ቱቦው ሲቆም የውኃውን ከፍታ ይወስናል፤ ሲጋደም ኩሬውን ባዶ ያደርገዋል። ውኃ በቱቦው ገላ ዙሪያ መንገድ እንዳያበጅ በመሐሉ የሲሚንቶ አንገት አደረግንለት፤ አፉንም በወንፊት ሸፈንን። ከዳግም ሥራው በኋላ የሚጎድለው በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የተቀረው ቀላል ነበር። አፈራችን አሲዳማ በመሆኑ በወለሉ ላይ በካሬ ሜትር 200 ግራም የግብርና ኖራ በተንን፤ በአንዱ ማዕዘን በእንጨት በታጠረ ቦታ የከብት እበት ጨምረን ውኃው አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቅን። እጄን እስከ ክርኔ አጥልቄ ጣቶቼ ሲሰወሩብኝ ጊዜው መድረሱን አወቅሁ፤ በካሬ ሜትር ሁለት ሒሳብ 600 የቆሮሶ ጫጩት ጨመርን። የመጡባቸውን ላስቲኮች እንደታሰሩ ለ20 ደቂቃ ያህል በኩሬው ላይ ያንሳፈፍናቸው የሁለቱ ውኃ ሙቀት እንዲመጣጠን ነው።

ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለ ልክ ይራባል፤ ብዛቱም ዕድገቱን ስለሚያቀጭጨው ሕፃናቱን የሚለቅሙ ጥቂት አምባዛ የተባሉ ዓሣ በል ዓሣዎች በኋላ ለመጨመር አስበናል፤ አምባዛው ግን ዋናዎቹን ጫጩቶች እንዳይበላ እነርሱ አስቀድመው ማደግ አለባቸው። የሁለተኛው ኩሬ ችካል ከመጀመሪያው በታች ተተክሏል፤ የላይኛው ሲፈስ አረንጓዴው ውኃ በስበት ብቻ ወደ አባቴ የሽንኩርት መደብ እንዲደርስ የመውረጃ ቦዩን መስመር በውኃ ልክ እየለካን ነው።