«በማን በኩል አረሳችሁ?»፦ የትውልድ ሐረግ ፍለጋዬ የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻ

የእናቴን ወገን የትውልድ ሐረግ መመዝገብ ከጀመርኩ ባለፈው ግንቦት ሦስት ዓመት ሞላኝ። እስካሁን ከእኔ ወደ ላይ ዘጠኝ ትውልድ ቆጥሬአለሁ፤ በሁለት የተለያዩ ምንጮች ማረጋገጥ የቻልኩት ግን አምስቱን ብቻ ነው። ቀሪዎቹ አራቱ በአንድ አዛውንት ቃል ላይ የቆሙ ስለሆኑ በደብተሬ ውስጥ የተጻፉት በእርሳስ ነው። ይህን ማስታወሻ የማካፍላችሁ፣ በእናት ወይም በሴት አያት በኩል ሲቆጥሩ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ትውልድ ላይ መንገዱ ለጠፋባቸው ሁሉ፣ እኔን ከዚያ ያሻገረኝ አንድ ጥያቄ ይጠቅማቸዋል ብዬ ስለማምን ነው።

የችግሩ ሥር ያለው በስማችን አሠራር ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በመሆኑ፣ መታወቂያም ሆነ የትምህርት ማስረጃ ቢመረመር የሚገኘው አጭር የአባቶች መስመር ብቻ ነው። የእናት ስም የሚጠየቅበት ቅጽ አለ፤ የእናት እናት ስም የሚጠየቅበት ቅጽ ግን አይቼ አላውቅም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በገጠር ለተወለደ ሰው የልደት መዝገብ ፍለጋ መውጣት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጅን ይዞ መመለስ ነው።

የእናቴ ወገን አገሩ መንዝ ነው። በዚያ አገር የምድሩ ስም ራሱ ትውልድ ይቆጥራል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የሚባሉት ሦስቱ ክፍሎች በአፈ ታሪኩ መሠረት አገሩን ባቀኑት በማማ፣ በላሎና በጌራ ስም የተሰየሙ ናቸው። እኔ ግን ፍለጋውን የጀመርኩት ከምድሩ ሳይሆን ከሰው ስም ነበር። አያቴን፣ እማማን፣ ቁጭ ብዬ «እናትዎ ማን ይባላሉ? የእርሳቸውስ እናት? የእርሳቸውስ?» እያልኩ ጠየቅኋቸው። በአባታቸው በኩል አምስት ስም ሳይደናቀፉ ቆጠሩልኝ፤ በእናታቸው በኩል ግን ከእናታቸው ስም አልፈው መሄድ አልቻሉም። እናታቸው ራሳቸው ያለ እናት ያደጉ ስለነበሩ፣ ወደ ላይ ቆጥሮ የሚነግራቸው ሰው በቤቱ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከእማማ ሣጥን ሥር፣ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልለው፣ በ1940ዎቹ የተቆረጡ ሦስት የመሬት ግብር ደረሰኞች አገኘሁ። ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሣ ከኋላ የያዝኩት ጣቴ ይታየኝ ነበር። በካርቦን የተገለበጠው ጽሑፍ ደብዝዟል፣ የታጠፈበት መስመር ላይ ያረፉት ፊደላት ጠፍተዋል፤ በሦስቱም ላይ ግን «ወልደ» ብሎ የሚጀምር አንድ ስም ይነበባል። የእማማ አባት የሚጠሩት በሌላ ስም ስለነበር፣ ይህ የክርስትና ስማቸው መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ሰው በሰፈሩ በዓለም ስሙ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ በክርስትና ስሙ መጠራቱ የተለመደ በመሆኑ ድምዳሜዬ እንከን ያለበት አልመሰለኝም። እርሳቸው ማይጨው ዘምተው ስለነበር፣ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም የሚታወቅ የማይጨው ዘማች ባገኘሁት ሰው ሁሉ ዘንድ ስጠይቅ ከረምኩ፤ የሚያውቀው ሰው አልተገኘም። የክርስትና ስም በግብር ደረሰኝ ላይ ለምን እንደሚሰፍር አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል።

መንገዱ የተከፈተው ለቅሶ ቤት ነው። በአንድ ዘመዳችን ቀብር ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ስለ ፍለጋዬ ሰምተው፣ መሃል ሜዳ የሚኖሩ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው ለቤተሰቡ የርስት ሙግት ቆመው የተከራከሩ መሆናቸውን ነገሩኝ። በተከታዩ ወር ሄድኩ። አዛውንቱ ዕድሜያቸው 80ን ያለፈ ቢሆንም ድምፃቸው የጠና ነው። «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ የአባቴን ስም ተናገርኩ። «እሱን አላልኩሽም፤ እናቶችሽ የት የት ነበር የሚያርሱ? በማን በኩል አረሳችሁ?» አሉኝ። እማማ በልጅነታቸው ቁርስ ተሸክመው ለአራሾች ያደርሱበት የነበረውን የማሳ ስም አውቀው ስለነበር እርሱን ነገርኳቸው። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝና «እንግዲያማ የኛው ልጅ ነሽ» አሉ።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሠራ ለመረዳት የርስትን ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። እንደ መንዝ፣ ጎጃምና ጎንደር ባሉ የርስት አገሮች አንድ ሰው የመሬት ድርሻ የሚጠይቀው ምድሩን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ ነበር፤ ቆጠራውም በአባትም በእናትም በኩል ይሄድ ነበር። በእናቱ እናት በኩል ድርሻ የሚጠይቅ ተሟጋች በመካከል ያሉትን ሴቶች በስም መጥራት ግድ ይሆንበታል፤ አንዷን ከዘለለ ተከራካሪው ወገን ቆጠራው ተቋርጧል ብሎ ይረታዋል። እንግዲህ ስማችን ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚጥላቸውን ሴቶች ርስት ጠብቋቸው ኖሯል ማለት ነው። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን እንዲህ ያለው ሙግት ቆመ፤ ቆጠራውን ለልጅ የማስተማር ምክንያትም አብሮ ቀረ። ያኔ 25 ዓመት የነበረው ተሟጋች ዛሬ 75 ዓመት አልፎታል። እናንተም እንዲህ ያለ ሰው በወገናችሁ ካለ፣ ወደ ማንኛውም መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ወደ እርሱ ሂዱ።

አዛውንቱ ልጃቸውን ባቄላና አተር አስመጥተው ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉና መደርደር ጀመሩ፤ ለወንዱ ባቄላ፣ ለሴቷ አተር። ከእማማ ተነሥተው ሦስት አተር በተርታ አስቀመጡ፤ እማማን፣ እናታቸውን፣ የእናታቸውን እናት። ቀጥሎ አንድ ባቄላ፣ ከዚያ እንደገና አተር፣ በመጨረሻም ሦስት ባቄላ። እያንዳንዱን ፍሬ ሲያኖሩ ስሙን ይጠራሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ሳያነሡ የሚቀጥለውን ይፈልጋሉ። የመጨረሻው ባቄላ ላይ ሲደርሱ የተናገሩት ስም በደረሰኞቹ ላይ ያየሁት ስም ነበር። ግብሩ ይከፈል የነበረው ምድሩ በሚጠራበት በጥንቱ አባት ስም ስለነበር፣ ደረሰኙ የተቆረጠው ከብዙ ትውልድ በፊት ላለፈ ሰው ነበር። መሬቱም የእማማ አባት ሳይሆን የእናታቸው ርስት ኖሯል። አንድ ዓመት የፈለግሁት ዘማች ከእኔ ዘጠነኛው አባቴ ሆነው ተገኙ፤ በእጄ የነበረው ወረቀትም የሐረጉን ጫፍ ሲያረጋግጥልኝ መካከሉን ባዶ አድርጎ ተወው።

ሆኖም የርስት ቆጠራን እንዳለ መቀበል አይገባም። ቆጠራው ለመርታት የሚቀርብ ስለነበር፣ የጡት ልጅ እንደ ሥጋ ልጅ የሚቆጠርበት፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸው አያትና የልጅ ልጅ አንድ የሚሆኑበት ጊዜ እንደነበረ አዛውንቱ ራሳቸው ነግረውኛል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱም ስልኬን እንዳጠፋ ጠየቁኝ፤ አጠፋሁ፤ የሰማሁትንም አልጻፍኩትም፣ አልጽፈውምም። ማረጋገጫ ለማግኘት የዞርኩት ወደ ጋብቻ ነው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር የማይጋባ ወገን ሁለተኛ የትውልድ መዝገብ አለው፤ ያም መዝገብ በብዛት ያለው በአሮጊቶች ዘንድ ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንዲት የእማማ ዘመድ፣ ሁለት ወጣቶች በአምስት ቤት ዘመዳሞች ሆነው በመገኘታቸው የታጨው ጋብቻ የቀረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። የዚያን ጊዜ የተቆጠረውን ሲነግሩኝ እስከ አራተኛዋ እናቴ ድረስ ከአዛውንቱ ቆጠራ ጋር በትክክል ገጠመ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ አስቀድሜ የሰማሁትን ስም ለእርሳቸው አልነገርኳቸውም። ትልቅ ሰው እንግዳን ላለማሳፈር ሲል የቀረበለትን ስም «አዎን» ብሎ ሊቀበል ይችላል።

ዘመንን በተመለከተ ደግሞ እጅግ የጠቀመኝ የወንጌላውያን ዘመን ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ይሆናል። አዛውንቱ ስለ ቅድመ አያቴ ሲናገሩ «ከሰገሌ በኋላ በመጣው ዘመነ ማርቆስ ተወለደች» አሉ። የሰገሌ ጦርነት የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሆን ያ ዓመት ዘመነ ማቴዎስ ነበር፤ ስለዚህ ልደታቸው 1910 ላይ ያርፋል። የደብረ ብርሃኗ ዘመዳችን ደግሞ ለብቻቸው፣ እናቲቱ በኅዳር በሽታ የሞተችው «ልጅቱ ጡት ሳትጥል» ነው ብለውኛል። የኅዳር በሽታ 1911 ነው። እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ያለ አንዳች ወረቀት በአንድ ዓመት ልዩነት ውስጥ ሲገናኙ ያየሁበት ቀን ለእኔ ትልቅ ቀን ነበር። በአንጻሩ የእማማ መታወቂያ የተወለዱት በ1935 ነው ይላል፤ አባታቸው ግን ከማይጨው ሲመለሱ እርሳቸው ተወልደው የ80 ቀን ክርስትናቸውም አልፎ እንደነበር ወገኑ ሁሉ ያውቃል። እኔ የጻፍኩት 1928ን ነው።

የብራና መጻሕፍትንም ሞክሬአለሁ። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው ሥራ በማይክሮፊልም የተነሡ በርካታ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በኢንተርኔት በነፃ ያስነብባል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት የተነሡ ናቸው። በወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስት ስጦታ፣ የውርስና የእማኞች ስም ተጽፎ ይገኛል። የእኔን ወገን እስካሁን አላገኘሁም፤ ነገር ግን «ዝንቱ መጽሐፍ ዘ» (ይህ መጽሐፍ የ…) ከሚለው ቀጥሎ የባለቤቱ ስም እንደሚመጣ፣ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው እንደሚጻፍበት፣ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» (የሰረቀውና የፋቀው) የሚለው ግዝትም ያንኑ ፋቂ የሚመለከት እንደሆነ ማንበብ ተምሬአለሁ።

ይህ ንባብ በቅርቡ ሳያስፈልገኝ አይቀርም። በአዛውንቱ ጋቢ ላይ ከአንዱ ባቄላ ቀጥሎ የተቀመጠችው አተር፣ ከእኔ ስድስተኛዋ፣ ስም የላትም። አዛውንቱ ፍሬዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው ብዙ ከቆዩ በኋላ «ሴት ናት፤ ስሟ ጠፋኝ፤ ሴት መሆኗን ግን እምልልሻለሁ» ብለው አኖሯት። ልጇ፣ አምስተኛው አባቴ፣ ይጸልዩበት የነበረው የብራና ዳዊት ጌራ ምድር በሚኖሩ ዘመዶች እጅ እንዳለና በመጨረሻው ቅጠል ላይ የቤተሰቡ የክርስትና ስሞች እንደተጻፉበት ሰምቻለሁ። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ሄጄ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ ቅጠሉን በፎቶ አነሣለሁ። የምፈልገው ከልጁ ስም በላይ ወይም አጠገብ የሰፈረ፣ «ወለተ» ብሎ የሚጀምር አንድ ስም ነው።