ሺህ ዓመት የሞላው ጨቅላ

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ፤ የራዲዮ ጋላክሲዎች ልጅነት። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ራዲዮ ጋላክሲ (የራዲዮ ሞገድ በኃይል የሚረጭ ጋላክሲ) ሲባል ቶሎ የሚመጣልኝ ግዙፉ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ብላክ ሆል ግራና ቀኝ የሚተፋው ፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላ ትኩስ ጋዝ፣ ጋላክሲውን አልፎ ይሄድና ሁለት ትልልቅ ደመና ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ፖርፊሪዮን ከጫፍ እስከ ጫፍ 23 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይረዝማል። የእኛው ሚልኪ ዌይ 100,000 ገደማ ነው። ጉድ እኮ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን 0710+439 የሚባለው ትንሹ ነው። (ምናለ ደህና ስም ቢያወጡለት!) ቅርጹ ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ አለው። ርዝመቱ ግን ጥቂት መቶ የብርሃን ዓመት ብቻ ስለሆነ ከጋላክሲው መሃል ገና አልወጣም። እንዲህ ያሉት ወጣት ናቸው ወይስ ወፍራም ጋዝ አፍኗቸው የቀሩ ሽማግሌዎች? ክርክሩ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኦውሲያኒክና ኮንዌይ የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በተለያዩ አህጉራት ያሉ ቴሌስኮፖች በጋራ ያነሷቸውን ምስሎች አስተያዩ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ምስል መካከል ከ10 ዓመት በላይ አለ። ሁለቱ ጫፎች ይራራቃሉ! ፍጥነቱን ይዘው ወደኋላ ሲያሰሉ ዕድሜው 1,000 ዓመት ገደማ ሆነ። ብርሃኑ ሲነሳ ማለቴ ነው፤ እኛ ጋ ለመድረስ 5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ተጉዟል። ጨቅላው ደግሞ የሚተፋው ፕላዝማ እንጂ ጋላክሲው አይደለም። ጋላክሲውማ አሮጌ ነው።

ችግሩ ጨቅላዎቹ መብዛታቸው ነው። ሁሉም ቢያድጉ ኖሮ ትልልቆቹ አሁን ካሉት እጅግ በበለጡ ነበር። በክረምት የተተከለውን ችግኝ ቆጥሮ ከዓመታት በኋላ ዛፉን እንደመፈለግ ነው። ብዙዎቹ በልጅነት ይጠፋሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አንቶኒ ሪድሄድና ባልደረቦቹ ከጨቅላዎቹ መካከል የአንድ ዓይነቶቹ 5,000 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚከስሙ ጻፉ። ግምታቸው ብላክ ሆሉ አንድ ግዙፍ ኮከብ ቦጫጭቆ ይበላል የሚል ነው። ኮከቡ ሲያልቅ መትፋቱም ያበቃል።

ገና መላምት ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ጋዝ አፈናቸው ብንል፣ የጋዙ ውፍረት ከጋላክሲ ጋላክሲ ስለሚለያይ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ በቆመ ነበር። እነዚህ ግን ከአንድ መጠን በላይ ድንገት ነው የሚጠፉት። ስንቃቸው ተመጥኖ የተሰጣቸው ነው የሚመስለው።