ያቺ ቀጭን ጎሚኒ

ባለፈው ቅዳሜ ሰሚት ፖይንት የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ፣ ቀጥታው መንገድ ሲያልቅ ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጥ ያዘልኝ። ልቤ ግን እስከ ማታ አልተመለሰም።

ዛሬ ጋሼ መጡልኝ። ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው፣ አሁን እዚህ ቨርጂኒያ ጎረቤቴ ናቸው። የፖርሽ ቦክስተር መኪናዬን የፊት ካሊፐሮች፣ የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑትን፣ ፈታን፤ እያንዳንዱ አራት ፒስተን አለው። መሃላቸው እንጨት አስገብተን በኮምፕሬሰር አየር ገፋናቸው። የአቧራ መከላከያው ጎማ እጄ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ።

የውስጧን ጎሚኒ፣ ፒስተኑን የከበበችውን የጎማ ቀለበት፣ ጋሼ በመፋቂያ አወጧት፤ ብረት ይቧጭራል ብለው። ካዲሷ ጎን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «እስቲ እጠፋቸው» አሉኝ። አዲሷ ወዲያው ተመለሰች። አሮጌዋ እንደታጠፈች ቀረች።

«ፍሬን ስትለቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የምትስበው እሷ ናት እኮ ልጄ። ከደረቀች ሸራው ዲስኩን አይለቅም፤ ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱም ይፈላል፣ ፔዳሉም ይወርዳል።»

ዘይቴም 2 ዓመት ቆይቷል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል።

እኔ ደግሞ ትልቅ ካሊፐር ልገዛ ገንዘብ ሳጠራቅም ነበር። ፍሬን ሲባል ስለ መያዙ ብቻ ነበር የማስበው፤ ስለ መልቀቁ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። አሮጌዋን ጎሚኒ አልጣልኳትም፤ መሪው ጎን አስሬያታለሁ። ነገ የኋላዎቹን እንፈታለን።